ላክቴት ምንድን ነው? በኤሌክትሪክስ እንዴት ይለካል?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



ባለፈው ዓመት በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ በቤተ ሙከራችን ውስጥ የወተትን ኮምጣጣነት ለክተን ነበር። ሥራው ቀላል ነው። 10 ሚሊ ሊትር ወተት በብርጭቆ ይደረግና ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ይጨመርበታል። ከዚያም ጥንካሬው የታወቀ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ከቢዩሬቱ በጠብታ በጠብታ ይለቀቅበታል፤ ወተቱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ ይዞ አልለወጥ ሲል ይቆምና የፈጀው መጠን ይነበባል። ለእኔ የደረሰኝ በዚያው ቀን ጧት የታለበ ወተትና ሁለት ቀን የቈየ እርጎ ነበር። በሊትር 0.1 ሞል ካለበት ብጥብጥ ወተቱ 1.7 ሚሊ ሊትር፣ እርጎው 9.5 ሚሊ ሊትር ፈጀ። አንድ ሞል ላክቲክ አሲድ 90 ግራም ስለሚመዝን፣ በዚሁ መሠረት አስልቼ «ትኩሱ ወተት 0.15 በመቶ፣ እርጎው 0.86 በመቶ ላክቲክ አሲድ አለበት» ብዬ በደብተሬ ጻፍሁ። በሥራዬም ደስ ብሎኝ ነበር።

ደብተሬ ሲመለስልኝ ግን መምህራችን ከመጀመሪያው ቍጥር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት አገኘሁ። «ገና አሁን የታለበውን ወተት ማን አኮመጠጠው? ላሟ ናትን?» ይላል። ማርክ አልሰጡኝም፤ መልሱን ይዤ እንድመጣ ብቻ አዘዙኝ።

መልሱን መፈለግ ብዙ ወራት ፈጀብኝ። ከወተት ተነሥቼ ወደ ደም፣ ከደምም ተነሥቼ ላክቴትን በኤሌክትሪክ ወደሚለካው ትንሽ መሣሪያ ደረስሁ። መጀመሪያ የተጠየቅሁት ስለ አንድ ብርጭቆ ወተት ቢሆንም፣ ያው ጥያቄ በሆስፒታል ውስጥ የሰው ሕይወት የሚያድን ወይም የሚያሳልፍ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች በሚገባ ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ላክቴት ከየት ይመጣል?

በ1780 ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ የስዊድን ኬሚስት ከኮመጠጠ ወተት ውስጥ አንድ አሲድ ለይቶ አወጣ። ይህም አሲድ ወተት ከሚለው የላቲን ቃል ስም ወጥቶለት ላክቲክ አሲድ ተባለ። በ1857 ደግሞ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ወተትን የሚያኮመጥጡት በዐይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት መሆናቸውን አስረዳ። እነዚህ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር እየተመገቡ ላክቲክ አሲድ ይተፋሉ።

ላክቲክ አሲድ ሦስት የካርቦን አተሞች ያሉት ትንሽ ውሕድ ነው። አንድ የሃይድሮጅን አዮን ጥሎ ሲቀር ላክቴት ይባላል። የደማችን ፒኤች 7.4 ያህል ስለ ሆነ፣ በደም ውስጥ ከ3,000 የሚበልጡ ላክቴቶች ባሉበት አሲድ ሆኖ የሚገኘው አንዱ ብቻ ነው። ሐኪሞች «የላክቲክ አሲድ ምርመራ» ከማለት ይልቅ «የላክቴት ምርመራ» ማለታቸው ስለዚህ ነው።

ይህ ውሕድ ሁለት መልክ አለው። አተሞቹ አንድ ዐይነት ሲሆኑ አቀማመጣቸው ግን እንደ ግራና እንደ ቀኝ ጫማ ነው፤ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል ነው እንጂ አንዱ በሌላው ላይ በትክክል አይገጥምም። አንዱ ኤል-ላክቴት፣ ሁለተኛው ዲ-ላክቴት ይባላል። የሰው ሰውነት የሚሠራው ከሞላ ጐደል ኤል-ላክቴትን ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንግባ። ሕዋሳት ስድስት ካርቦን ያለውን ግሉኮስ ለሁለት ከፍለው ሁለት ፒሩቬት ያወጣሉ፤ ከዚህም ሥራ ጥቂት ኃይል ያገኛሉ። ፒሩቬቱ ወደ ሚቶኮንድሪያ ገብቶ በኦክሲጅን ከተቃጠለ ብዙ ኃይል ይገኛል። ሥራው ከፈጠነ ወይም ኦክሲጅን ካነሰ ግን ፒሩቬቱ ወደ ላክቴት ይለወጣል። ቀይ የደም ሕዋሳት ሚቶኮንድሪያ ስለሌላቸው ሁልጊዜ ላክቴት ይሠራሉ። ስለዚህ ተኝተን እንኳ በደማችን ውስጥ ላክቴት አይጠፋም። ጉበት ከደም እየለቀመ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ይህ ዙሪያ በ1947 የኖቤል ሽልማት ባገኙት ባልና ሚስት በካርል ኮሪና በጌርቲ ኮሪ ስም ይጠራል። የልብ ጡንቻም ላክቴትን ራሱን እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ይገባኛል፤ ስሕተቱ የራሴም ነበርና። ሮጬ በማግስቱ እግሬ ሲያመኝ «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው» እል ነበር። ነገር ግን ከብርቱ ሩጫ በኋላ የወጣው ላክቴት በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። የጡንቻ ሕመም ግን የሚበረታው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቈይቶ ነው። አስቀድሞ የሄደ እንግዳ ኋላ ለተሰበረ ዕቃ እንዴት ይጠየቃል? እንግዲህ ላክቴት ሰውነት የሚያመላልሰው ነዳጅ ነው እንጂ መርዝ አይደለም። ክፉ የሚሆነው የሚሠራው ከሚወገደው ሲበልጥ ነው፤ ያን ጊዜም መብዛቱ የሌላ ችግር ምልክት ነው።

ሐኪም ላክቴትን ለምን ይፈልገዋል?

በ1843 በጀርመን አገር ዮሐን ዮሴፍ ሼሬር የተባለ ሐኪምና ኬሚስት በከባድ በሽታ ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ መኖሩን ገለጠ። ከሕሙማኑም መካከል በወሊድ ትኩሳት የሞቱ ወጣት ሴቶች ነበሩባቸው። የላክቴትና የከባድ በሽታ ግንኙነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ሆነ።

ዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ላክቴት በሊትር ከ2 ሚሊሞል አይበልጥም። ብርቱ ሩጫ የሮጠ ሰው ለጥቂት ጊዜ ከ10 ሚሊሞል በላይ ቢደርስ አያስደንቅም፤ ዐርፎ ይወርድለታልና። ነገር ግን አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ 4 ሚሊሞል ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝበት ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ወይም ኢንፌክሽን በመላ ሰውነቱ ላይ ጕዳት ያደረሰበት ሰው፣ የደም ግፊቱ ገና ደኅና መስሎ ሳለ ላክቴቱ አስቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ሰውየው ይናገራል፤ ቤተ ሰቡም «ተሽሎታል» ይላል፤ ውስጡ ግን እየደከመ ነው። ይህን የተሰወረ ድካም የሚናገረው ቍጥሩ ነው።

በ2016 የዓለም ሐኪሞች ሴፕሲስ ስለሚባለው በሽታ ባወጡት ትርጕም ውስጥም ላክቴት ቦታ ተሰጥቶታል። በቂ ፈሳሽ ከተሰጠው በኋላ የደም ግፊቱን ለመያዝ መድኃኒት የሚያስፈልገውና ላክቴቱ ከ2 ሚሊሞል በላይ የሆነ በሽተኛ ሴፕቲክ ሾክ ላይ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ቍጥሩ ብቻውን ምክንያቱን አይናገርም። ጉበት ሲታመም፣ አድሬናሊን ሲበዛ፣ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ሲከማችም ላክቴት ይወጣል። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ለክቶ አይተውም፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ይለካል። ቍጥሩ እየወረደ ከሄደ ተስፋ ይሰጣል፤ ካልወረደ ግን ሌላ መፍትሔ እንዲፈለግ ያስጠነቅቃል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር አለ። ደም ከሰውነት ከወጣ በኋላም ቀይ ሕዋሳቱ በጠርሙሱ ውስጥ ሥራቸውን አይተዉም፤ ግሉኮሱን እየበሉ ላክቴት መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ደሙ በጠረጴዛ ላይ በቈየ መጠን ቍጥሩ በሐሰት ያድጋል። ይህንን ለመከላከል ደሙ በበረዶ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወይም ሕዋሳቱን የሚያግድ ፍሎራይድ ባለበት ጠርሙስ ይቀዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ወዲያውኑ መለካት ነው። ይህም እንዲሆን ፈጣን፣ ትንሽና በጥቂት ጠብታ የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል።

የክላርክ ሐሳብ

የመሣሪያው አባት ሊላንድ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነው። ክላርክ በመጀመሪያ የፈለገው በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ለመለካት ነበር። ፕላቲነም ላይ ተገቢ ቮልቴጅ ሲደረግ ኦክሲጅን ከብረቱ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ የሚፈሰውም ኤሌክትሪክ የኦክሲጅኑን መጠን ይነግራል። ነገር ግን ራቁቱን ደም ውስጥ የገባ ፕላቲነም ፕሮቲን ይለጠፍበትና ወዲያው ይበላሻል። ክላርክ ፕላቲነሙንና ብሩን አንድ ላይ አድርጎ በስስ ፖሊኤቲሊን ሸፈናቸው። ስሱ ፕላስቲክ ኦክሲጅንን ያሳልፋል፤ ፕሮቲንን ግን ይከለክላል። ይህም የኦክሲጅን ኤሌክትሮድ በ1956 በጽሑፍ ወጣ።

በ1962 ደግሞ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ኦክሲጅንን የሚበላ ኢንዛይም በኤሌክትሮዱ ፊት፣ በስስ ሽፋኖች መካከል ቢቀመጥስ? ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ግሉኮስ ባገኘ ቍጥር ኦክሲጅን ይፈጃል። እንግዲህ ኤሌክትሮዱ የኦክሲጅኑን መቀነስ ሲለካ ግሉኮሱን መለካቱ ነው። ኤሌክትሮዱ ራሱ ስለ ግሉኮስ ምንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ኢንዛይሙ ነው። በዚህ መሠረት የተሠራ የግሉኮስ መመርመሪያ በ1975 ለገበያ ቀረበ። ኢንዛይሙ ቢለወጥ ደግሞ የሚለካው ነገር ይለወጣል፤ ላክቴት የሚለካውም መሣሪያ የተገኘው እንዲሁ ነው።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ለላክቴት የሚያገለግለው ኢንዛይም ላክቴት ኦክሲዴዝ ይባላል፤ የሚገኘውም ኤሮኮከስ ቪሪዳንስ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ሥራው በሁለት ደረጃ ይፈጸማል።

አንደኛ፤ በኢንዛይሙ ዘንድ፤
ላክቴት + ኦክሲጅን → ፒሩቬት + ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ

ሁለተኛ፤ በፕላቲነሙ ዘንድ፤
ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ → ኦክሲጅን + ሁለት የሃይድሮጅን አዮን + ሁለት ኤሌክትሮን

ሁለተኛው ደረጃ እንዲፈጸም ፕላቲነሙ ከብርና ከብር ክሎራይድ ከተሠራው ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ አንጻር ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ድረስ ይደረግበታል። ማነጻጸሪያው ቮልቴጁ የማይናወጥ ስለ ሆነ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ያገለግላል። ብዙውን ጊዜም ማነጻጸሪያው ራሱ ኤሌክትሪክ እንዳይሸከም ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ይጨመርለታል።

አንድ ላክቴት አንድ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ይሰጣል፤ አንዱም ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል። ስለዚህ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ የላክቴቱ ቍጥር ማለት ነው። በክፍል የተማርነው የፋራዴይ ሕግ እዚህ ላይ ይረዳናል። አንድ ሞል ኤሌክትሮን 96,485 ኩሎምብ ይሸከማል። የተነበበው አንድ ማይክሮአምፔር ቢሆን፣ ይህም የአንድ አምፔር አንድ ሚሊዮነኛ ማለት ነው፣ በየሰከንዱ 6.24 ትሪሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖች ይፈስሳሉ። ለሁለት ስናካፍለው በየሰከንዱ 3.1 ትሪሊዮን ላክቴት ተለውጧል ማለት ነው። ቍጥሩ ብዙ ቢመስልም በሞል ሲታይ የአንድ ሞል አንድ ትሪሊዮነኛ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው። እኛ በቢዩሬት የምናየው ትንሹ ጠብታ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ቍስ ይይዛል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በደሙ ውስጥ ያለውን ላክቴት ሁሉ አይፈጅም፤ ወደ ኤሌክትሮዱ የደረሰውን ብቻ ይቈጥራል። ስለዚህ መጠኑ የታወቀ ላክቴት ባለበት ብጥብጥ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ለምሳሌ ያህል፣ ላክቴት በሌለበት ብጥብጥ 4 ናኖአምፔር፣ በሊትር 5 ሚሊሞል ባለበት 104 ናኖአምፔር ተነበበ እንበል። ልዩነቱ 100 ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ሚሊሞል 20 ናኖአምፔር ይደርሰዋል። ያልታወቀው ናሙና 64 ናኖአምፔር ቢያሳይ፣ ከ64 ላይ 4 ቀንሰን ለ20 ስናካፍል 3 ሚሊሞል እናገኛለን። በሐኪሙ መስኮት ላይ የሚታየው ቍጥር የሚወለደው በዚህ ተራ ሒሳብ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለው ኢንዛይም ኦክሲጅን ሳያስፈልገው ላክቴትን ወደ ፒሩቬት ይለውጣል፤ በዚህም ጊዜ ኤንኤዲ የተባለው ረዳት ውሕድ ሃይድሮጅን ይሸከማል። የተሸከመው በብርሃን ወይም በኤሌክትሪክ ይለካል። ብዙ የሆስፒታል ላቦራቶሪዎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ሁለት መንገድ መኖሩ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ በታች እናያለን።

የመሣሪያው ስሕተቶች

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ «እንግዲህ ይህ መሣሪያ አይሳሳትም» ብዬ ነበር። ይህም እንደ ወተቱ ቍጥር የችኰላ አስተያየት ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ችግር ኦክሲጅን ነው። ኢንዛይሙ ለእያንዳንዱ ላክቴት አንድ ኦክሲጅን ይፈልጋል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር የጠገበ ውሃ በሊትር የሚይዘው ኦክሲጅን ግን 0.26 ሚሊሞል ያህል ብቻ ነው። የበሽተኛው ላክቴት 4 ሚሊሞል ከሆነ ኦክሲጅኑ አይበቃም፤ መሣሪያውም ከእውነቱ አሳንሶ ይናገራል። ለዚህ ሁለት መላ ተገኝቷል። አንዱ ኦክሲጅንን በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ላክቴትን ግን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስገባ ሽፋን ማድረግ ነው። ሁለተኛው ኤሌክትሮኑን ከኢንዛይሙ ተቀብሎ ለኤሌክትሮዱ የሚያደርስ ሌላ መልእክተኛ መጨመር ነው፤ ፌሪሲያናይድና ፌሮሲን የተባሉት ውሕዶች ለዚህ ሥራ ያገለግላሉ።

ሁለተኛው ችግር ያልተጠሩ እንግዶች ናቸው። ፕላቲነሙ በ0.65 ቮልት ሳለ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድን ብቻ መርጦ አይቀበልም። ቫይታሚን ሲ፣ ዩሪክ አሲድ፣ እንዲሁም ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል በዚያው ቮልቴጅ ኤሌክትሮን ይሰጣሉ። መሣሪያውም ሁሉንም «ላክቴት» ብሎ ይቈጥራቸዋል። ስለዚህ ናፊዮን የተባለ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ፕላስቲክ ይቀባበታል፤ ይህም እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉትን ኔጌቲቭ አዮኖች ገፍቶ ይመልሳል። ወይም በፕላቲነሙ ፈንታ ፕረሽያን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ይደረጋል፤ እርሱ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድን በዜሮ ቮልት አካባቢ ስለሚለካ እነዚያ እንግዶች ኤሌክትሮን ለመስጠት አይደርሱም።

ሦስተኛው ችግር ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠኝ። ኤቲሊን ግላይኮል ለመኪና ራዲያተር የሚጨመር ፈሳሽ ነው፤ ጣፋጭ ስለ ሆነ በስሕተት ሊጠጣ ይችላል፤ ብርቱም መርዝ ነው። የጠጣው ሰው ጉበት ወደ ግላይኮሌት ይለውጠዋል። ግላይኮሌት ላክቴትን በጣም ይመስላል፤ በመሆኑም በአንዳንድ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ላክቴት ኦክሲዴዝ ይሳሳትና ይቀበለዋል። መሣሪያውም እጅግ ከፍ ያለ ላክቴት ይናገራል። ሐኪሙ ቍጥሩን ብቻ ካመነ ሌላ በሽታ ሲፈልግ መርዙ ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን ያው ደም በላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ መንገድ በላቦራቶሪ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ቍጥር ይገኛል። የሁለቱን ቍጥሮች መለያየት ያስተዋለ ሐኪም «እዚህ መርዝ ሊኖር ይችላል» ብሎ ይጠረጥራል። አስተዋይ ሰው ካለ የመሣሪያው ስሕተት ራሱ ለመድኃኒት መንገድ ይሆናል ማለት ነው።

አራተኛው ኢንዛይሙ ከሕያው ፍጥረት የተገኘ ፕሮቲን መሆኑ ነው። በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይሞታል። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ የሚገባው ቀጭን ወረቀት የአገልግሎት ቀን ተጽፎበታል፤ ያም ቀን ካለፈ ቍጥሩ አይታመንም።

በአሁኑ ጊዜ ላብን የሚመረምሩ በቆዳ ላይ የሚለጠፉ ሴንሰሮችም ይሠራሉ። መርፌ ስለማይፈልጉ ለስፖርተኞች መልካም ይመስላሉ። ነገር ግን የላብ ዕጢዎች ራሳቸው ላክቴት ይሠራሉ፤ ስለዚህ በላብ ውስጥ የተነበበው በደም ውስጥ ያለውን በቀጥታ አይነግርም። ይህንንም ያስተዋልሁት የመምህራችንን ጥያቄ ለራሴ ደግሜ ስጠይቅ ነው፤ ይህን ነገር ማን አመጣው?

ወደ ወተቱ እንመለስ

እንግዲህ ጧት የታለበውን ወተት ማን አኮመጠጠው?

መልሱ «ማንም አላኮመጠጠውም» የሚል ነው። ጤነኛ ላም በንጹሕ ዕቃ ስትታለብ ወተቷ ላክቴት የለበትም ለማለት የሚያስደፍር ጥቂት ብቻ ነው ያለበት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዴን የፈጁት ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን፣ ፎስፌት፣ ሲትሬትና የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። ቢዩሬቱ አልዋሸም፤ 1.7 ሚሊ ሊትር ፈጀ አለ፤ በእውነትም ፈጀ። «ላክቲክ አሲድ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ታይትሬሽን አሲድ የሆነውን ሁሉ ይቈጥራል፤ ማን እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም። ኢንዛይሙ ግን የሚቀበለውን ይመርጣል።

ስለዚህ ሒሳቤን አረምሁት። ወተቱ ከመኮምጠጡ በፊት የነበረውን 1.7 ከ9.5 ላይ ስቀንስ 7.8 ሚሊ ሊትር ይቀራል። ይህም 0.70 በመቶ አዲስ የተፈጠረ አሲድ ነው፤ በሊትር 78 ሚሊሞል ያህል ይሆናል። ሁለቱ ወተቶች ከአንድ ላም በአንድ ቀን አለመታለባቸው ግን ይህን ግምት እንጂ ፍጹም እውነት አያደርገውም። በዚህ እርጎ ላይ የላክቴት ሴንሰር ብናገኝ እንዲሁ አንነክርበትም፤ መሣሪያው ጥቂት ሚሊሞል ለመለካት የተሠራ ስለ ሆነ 50 እጅ በውሃ ማቅጠን ይኖርብናል። ያን ጊዜ 1.6 ሚሊሞል ያህል ይሆንለታል፤ የተነበበውንም በ50 እናባዛዋለን።

ነገር ግን ሴንሰሩ ከታይትሬሽኑ ያነሰ ቍጥር ቢናገር ወዲያው «ተሳሳተ» ማለት አይገባም። ከላይ ግራና ቀኝ ጫማ ብዬ ያስታወስኋችሁ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ላክቴት ኦክሲዴዝ የሚያውቀው ኤል-ላክቴትን ብቻ ነው። በፋብሪካ እርጎ ውስጥ ከሚጨመሩት ሁለት ባክቴሪያዎች መካከል ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ኤል-ላክቴት ሲሠራ፣ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ ዲ-ላክቴት ይሠራል። በቤታችን በሚረጋው እርጎ ውስጥም ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች በአንድነት ስለሚሠሩ ሁለቱም ዐይነቶች ሊገኙ ይችላሉ። ዲ-ላክቴትን ለማወቅ ለእርሱ የተለየ ሌላ ኢንዛይም ያስፈልጋል። ሁለት ሴንሰር ጐን ለጐን ያለው ሰው እንግዲህ እርጎው ምን ያህል እንደ ኮመጠጠ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ባክቴሪያ እንደ በረታ ጭምር ፍንጭ ያገኛል።

በምግብ ሥራ ውስጥ ይህ መለኪያ ብዙ ጥቅም አለው። ያልኮመጠጠ መሆን በሚገባው ወተትና የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ላክቴት ከተገኘ ባክቴሪያ ገብቶ እንደ ሠራ ያሳያል። ወይን ጠጅ ጠማቂዎች ደግሞ ማሊክ አሲድ ወደ ላክቲክ አሲድ የሚለወጥበትን ሁለተኛውን ፍላት ይከታተሉበታል፤ ይህ ለውጥ የጠጁን ጣዕም ያለሰልሰዋልና። በአገራችንም የእንጀራ ሊጥና ቆጮ ሲቦኩ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይሳተፋሉ። በቦካ ሊጥ ውስጥ ግን አሴቲክ አሲድም ስለሚገኝ፣ በታይትሬሽን ብቻ የለካ ሰው ሁለቱን አሲዶች ሊለያቸው አይችልም።

መልሴን ጽፌ ለመምህራችን ባቀረብሁ ጊዜ ማርኬን ሰጡኝ። ከዚያም «በሆስፒታል ብትሆን ኖሮ ያን 0.15 በመቶ ማን ይከፍለው ነበር?» አሉኝ። ጥያቄያቸው እስከ አሁን ከልቤ አልወጣም። በወተት ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ስም ደብተር ያበላሻል፤ በደም ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ስም ግን ሰው ይገድላል። ግላይኮሌትን «ላክቴት» ብሎ የጠራው መሣሪያና አሲዱን ሁሉ «ላክቲክ» ብዬ የጠራሁት እኔ የሠራነው ስሕተት አንድ ነው።

በቤተ ሙከራችን የላክቴት ሴንሰር የለንም። ይሁን እንጂ ሚዛን፣ ቢዩሬትና ደብተር አሉን። ወንድሞቼና እኅቶቼ የሚቀጥለው ክፍል ተማሪዎች በዚያው ወተት ላይ ሲሠሩ ከአንድ ላም የታለበውን ወተት ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ትኩሱን፣ ግማሹን ካረጉት በኋላ እንዲለኩት እመክራቸዋለሁ፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ ግምት ብቻ ቀረልኝ። ቍጥሩንም ከጻፉ በኋላ ከጐኑ «መሣሪያው የቈጠረው ምንን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይጻፉበት። መልሱን ካላገኙ ጥያቄውን እንዲሁ ይተዉት እንጂ እንደ እኔ ለማያውቁት ነገር ስም አያውጡለት።